ክሮቶንና ክሩቶን፤ ስለ ሁለት ተመሳሳይ ቃላት አመጣጥ

ከባሕር ማዶ ወደ ጽሕፈታችን ከገቡት ቃላት መካከል ሁለቱ በአንዲት ፊደል ብቻ ይለያያሉ። አንደኛው ክሮቶን ነው፤ ይህም በሞቃት አገር የሚበቅሉ የብዙ ዕፅዋት የወገን ስም ነው። ሁለተኛው ክሩቶን ነው፤ ይህም የደረቀ ዳቦ በትንንሹ ተቈርጦ፣ በቅቤ ወይም በዘይት ተጠብሶ፣ በሾርባና በሰላጣ ላይ ጣል የሚደረገው ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፉ የሚለያቸው አንዲት «ኡ» ናት። በእኛ ፊደል ደግሞ አንደኛው ሳብዑን «ሮ»፣ ሁለተኛው ካዕቡን «ሩ» ይይዛል እንጂ የቀረው ሁሉ አንድ ነው። የግብራቸው ልዩነት ግን ሰፊ ነው፤ የአንደኛው ፍሬ ሆድ ያስቀምጣል፣ የሁለተኛው ቁራሽ ሆድ ይይዛል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሁለቱ ቃላት የሥጋ ዘመዳሞች መሆን አለመሆናቸውን ነው። መልሱን ለማቈየት አንፈልግም፤ ዘመዳሞች አይደሉም። ክሮቶን የመጣው ግሪኮች መዥገርን ከሚጠሩበት ቃል ነው፤ ክሩቶን የመጣው ሮማውያን ቅርፊትን ከሚጠሩበት ቃል ነው። ወደዚህ ምርመራ የገባንበት ምክንያት ግን የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ክሮቶን ከተባለው ወገን አንዱ በአገራችን ወይና ደጋ በአጥር ጥግ፣ በእርሻ ዳርና በቡና ጥላነት የምናየው ብሳና ነው። እኛ ብሳና የምንለው ዛፍ በዓለም መጻሕፍት የተመዘገበው በመዥገር ስም ነው፤ ይህ እንዴት እንደ ሆነ ማወቅ ለእኛ የሚገባን ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

የቃል መልክ እንደሚያታልል ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የግዕዝ መምህራን ደቀ መዝሙራቸውን ከሚያስጠነቅቁባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ «ሠዐለ» በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ሥዕል ሣለ ማለት ነው፣ «ሰአለ» በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ ለመነ ማለት ነው። «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ፣ «ሰረቀ» ሌባው ወሰደ ነው። ባማርኛ ደግሞ ፊደሉ አንድ ሆኖ ንባቡ በመጥበቅና በመላላት ብቻ የሚለይ ሞልቷል። «ሰፊ» ሲጠብቅ የመሬት ስፋት ነው፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ሰፊ መሬት ያለው ሁሉ ልብስ ሰፊ ነው የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። በራሳችን ቋንቋ ይህን ያህል ጠንቃቆች ሆነን ሳለን ወደ ባዕድ ቃላት ስንሄድ ግን ድምፁ የቀረበውን ሁሉ ወንድም የማድረግ ልማድ ይይዘናል።

አንድ ምሳሌ እንጨምር፤ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። «ቅርፊት» እና «ቀረፋ» እውነተኛ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ከአንድ የሴም ሥር፣ ከ«ቀረፈ» የወጡ ናቸው፤ ቀረፋ የሚባለው ቅመምም ከዛፍ የተላጠ ልጥ እንጂ ሌላ አይደለም፤ ዐረቦችም «ቂርፋ» ይሉታል። እዚህ ላይ ድምፁም፣ ነገሩም፣ የንግዱ መንገድም በአንድነት ይመሰክራሉ። ሦስቱ ምስክሮች ሲስማሙ ዝምድናውን እናምናለን። ድምፁ ብቻውን ሲቆም ግን ሌሎቹ ምስክሮች እስኪመጡ ድረስ እንጠብቃለን። ክሮቶንንና ክሩቶንን የምንመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

ከመዥገሩ እንጀምር። በግሪክ ቋንቋ «ክሮቶን» የከብትና የውሻ ደም የሚመጠው መዥገር ነው። በዚሁ ስም ግሪኮች አንድ ተክልም ይጠሩ ነበር፤ ተክሉ ግን ዛሬ ክሮቶን ከሚባሉት አንዱም አይደለም፤ ጉሎ ነው። የጉሎን ፍሬ በእጁ ይዞ ያየ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ይረዳል። ፍሬው ሞላላና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ቆዳው ዝንጕርጕር ነው፤ ባንደኛው ጫፍ ትንሽ ጉጥ አለችበት፤ ደም ጠጥቶ የተነፋ መዥገር ከነጭንቅላቱ የተቀመጠ ይመስላል። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ዓመተ ምሕረት የነበረው ዲዮስቆሪዴስ የተባለው የመድኃኒት ሊቅ ተክሉ «ኪኪ» ወይም «ክሮቶን» እንደሚባል፣ ሁለተኛውም ስም ፍሬው እንስሳውን ስለሚመስል እንደ ተሰጠው ጽፏል። ሮማውያንም ያንኑ አይተው ያንኑ አደረጉ፤ በላቲን «ሪኪኑስ» መዥገር ማለት ነው፤ በዚያው ዘመን የነበረው ፕሊኒዮስ የሮማ ሰዎች ጉሎን ሪኪኑስ የሚሉት በፍሬው መልክ ምክንያት መሆኑን ይነግረናል። በቅርቡ ዘመን ከጉሎ ፍሬ የተገኘው ብርቱ መርዝ ሪሲን የተባለው ከዚሁ ከላቲኑ የመዥገር ስም ነው።

«ኪኪ» የተባለው ስም የግብፆች ነው። ሄሮዶቱስ በአምስተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስለ ግብፅ ሲጽፍ ረግረግ አጠገብ የሚኖሩት ሰዎች ይህን ፍሬ እየሰበሰቡ ዘይት እንደሚያወጡ፣ ዘይቱም ለመብራት ከወይራ ዘይት እንደማያንስ፣ ሽታው ግን ከባድ እንደ ሆነ ይናገራል። የጉሎ ዘይት ያሸተተ ሰው ይህን ምስክርነት አይክድም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ቃል፣ አንድ እንስሳ፣ አንድ ተክል። ችግሩ የመጣው በ1753 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በዓለም የታወቁትን ዕፅዋት ሁሉ በሁለት በሁለት ቃል የሰየመበትን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። ጉሎን ሲሰይም ላቲኑን መረጠና ሪኪኑስ አለው። ያን ጊዜ የግሪኩ ቃል ባለቤት የሌለው ሆኖ ቀረ። ሊኔዎስ ግን ያለ ሥራ አልተወውም፤ የጉሎ ዘመድ ለሆነ ለሌላ የዕፅዋት ወገን ሰጠው። በዚህ ሁኔታ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የጉሎ ስም ሆኖ የኖረው ክሮቶን በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ቤቱን ለቆ ወደ ጎረቤት ገባ። ዛሬ ከ1,200 የሚበልጡ ዝርያዎች በዚህ ስም ይጠራሉ፤ አብዛኞቹ በሞቃት አገሮች የሚገኙ ናቸው። ሁሉም ከእነ ጉሎ፣ ከእነ ቁልቋልና ከእነ ቅንጭብ ጋር በአንድ ቤተ ሰብ ይቈጠራሉ።

ስሙም በዚያ አላረፈም። ሊኔዎስ በዚያው መጽሐፍ ከደቡብ እስያ ደሴቶች የታወቀ አንድ ቅጠለ ኅብር ቍጥቋጦ ክሮቶን ብሎ መዝግቦት ነበር። ይህ ተክል ቅጠሉ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ስለ ሆነ በሞቃት አገር ሁሉ ለግቢ ጌጥ ይተከላል። በአምቦን ደሴት ይኖር የነበረውና ዓይኑ ከጠፋ በኋላም ሥራውን ያላቋረጠው ሩምፊዩስ የተባለው ሊቅ ከሊኔዎስ በፊት በደሴተኞቹ ስም ጠርቶት ነበር፤ በ1824 ዓ.ም. አድሪያን ደ ጁሲዩ የተባለው ፈረንሳዊ ያንን የቈየ ስም መልሶ ተክሉን ኮዲየም በተባለ ለብቻው በሆነ ወገን አኖረው። ሊቃውንቱ ስሙን ለወጡት፤ አትክልተኞቹ ግን አልለወጡትም። እስከ ዛሬም በአበባ መሸጫ ሁሉ ክሮቶን ይባላል። እንግዲህ ስለ ክሮቶን አንድ ግሪካዊ ጥንታዊ ጽሑፍ ቢናገር ጉሎን ነው፤ የዕፅዋት ሊቅ ቢናገር የእነ ብሳናን ወገን ነው፤ አትክልተኛ ቢናገር ኮዲየምን ነው። ሦስቱም በየራሳቸው ትክክለኞች ናቸው፤ ሦስቱም የሚያመለክቱት ግን የተለያየ ተክል ነው።

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ያህል አንሟገትበትም ነበር። ነገር ግን ከዚህ ወገን መካከል ክሮቶን ቲግሊዩም የተባለው የእስያ ተክል ከሁሉም የበረታ ነው። ከፍሬው የሚወጣው ዘይት በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይገኝ ነበር፤ ሐኪሞች የሆድ ድርቀት አልፈታ ላላቸው ሰው አንድ ጠብታ ወይም ሁለት ብቻ ይሰጡ ነበር። ከዚያ ካለፈ አንጀትን ያቃጥላል፤ ቆዳ ላይ ቢነካ ያቍራል፤ በርከት ካለም ይገድላል። ስለዚህ በኋላ ከመድኃኒት መዝገብ ወጣ። በ1941 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ይሠራ የነበረው ይስሐቅ ቤረንብሉም ነቀርሳ የሚያስነሣ ነገር ጥቂት የተቀባ የአይጥ ቆዳ በኋላ የክሮቶን ዘይት ሙጫ ሲጨመርበት ዕጢው እንደሚበዛ አሳየ፤ ይህም ነቀርሳ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ በሽታ መሆኑን ለማስተዋል ከረዱት ምርመራዎች አንዱ ሆነ። የጉሎ ዘይት ግን በልኩ ሲሰጥ ለስላሳ ማስቀመጫ ነው፤ በብዙ አገር ሕፃናት ሳይቀሩ እያለቀሱ የጠጡት ነው። አሁን አንባቢ ያስብ። አንድ ተማሪ የጥንቱን መጽሐፍ አንብቦ «ክሮቶን ለሆድ ድርቀት መልካም ነው» ብሎ ቢተረጕምና ሌላው ይህን ተከትሎ በዛሬው ስም ዘይቱን ቢያስመጣ፣ በጉሎ ማንኪያ የተለካው መጠን በክሮቶን ቲግሊዩም ጠርሙስ ይሰፈራል። ስሙ ከተክል ወደ ተክል ተዛውሯል፤ መርዙ ግን በቦታው ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ብሳና በኦሮምኛ በካኒሳ ወይም መካኒሳ፣ በትግርኛ ታምቡክ ይባላል። ቅጠሉ ሰፊና የልብ ቅርጽ ያለው ነው፤ ሊረግፍ ሲል ወደ ብርቱካን ቀለም ይለወጣል፤ ስለዚህ በሌላው አረንጓዴ መካከል ብሳና ከሩቅ ይታወቃል። አበባው ነጣ ያለና በረጅም ዛላ የተደረደረ ስለ ሆነ ንብ ትወደዋለች። የቅጠሉን ጭማቂ ሕዝባችን ጭርት ላይ ይቀባዋል፣ ቁስል ላይም ያደርገዋል። እንጨቱ ቀላልና ለስላሳ ነው። ፍሬው የአተር ያህል ነው፤ ሲከፈት ሦስት ዘር ይዞ ይገኛል፤ በዘሩ ጫፍ ላይ ያለችው ለስላሳ ሽፋን ሊኔዎስ የመዥገሩን ስም ለምን ለዚህ ወገን እንደ ሰጠ ታስታውሰናለች።

ይህ ዛፍ ወደ አውሮፓ መጻሕፍት የገባበት መንገድ የታወቀ ነው። በጀርመን አገር በኤስሊንገን ከተማ ሆክሽቴተርና ሽቶይደል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት አንድ ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ አባላቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ማኅበሩ መንገደኛ ይልካል፣ መንገደኛው ዕፅዋት አድርቆ ይልካል፣ አባላቱም እንደ ድርሻቸው ይከፋፈሉታል። ከነዚህ መንገደኞች አንዱ ዊልሄልም ሺምፐር ነው። በ1837 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ቀሪ ዕድሜውንም አብዛኛውን በትግራይ አሳለፈ፤ በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ ዐረፈ። ከርሱ የሄዱትን ዕፅዋት ብዙዎቹን የሰየማቸው ሆክሽቴተር ነው። በዚያው ዘመን ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኰንኖች በትግራይና በሰሜን ተራራ ተጕዘው ነበር፤ ያመጧቸውን ዕፅዋት የመረመረላቸው በ1798 ዓ.ም. ከናፖሊዮን ጋር ወደ ግብፅ የዘመተው ደሊል ነው። በ1840ዎቹ መጨረሻ በታተመው በዚህ ሥራ የብሳና ስም ክሮቶን ማክሮስታኪዩስ ተብሎ ወጣ፤ እስከ ዛሬም ከስሙ ቀጥሎ የሆክሽቴተርና የደሊል ስም ይጻፋል።

ማክሮስታኪዩስ የግሪክ ቃል ነው፤ ረጅም ዛላ ማለት ነው። «ስታኪስ» በግሪክ መጀመሪያ የእህል ዛላ ነበር፤ የስንዴው፣ የገብሱ። የአበባው አደራደር ያንን ስለ መሰለ ለብሳና ተሰጠ። ስለዚህ የዛፋችን ሙሉ ስም ቃል በቃል «ባለ ረጅም ዛላ መዥገር» ነው። ሰያሚዎቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ በሥርዓታቸው ትክክል ሠርተዋል። ነገር ግን ሺምፐር ቅርንጫፉን ሲቆርጥ አጠገቡ የቆመው የአገሬው ሰው ዛፉን በስሙ ያውቀው ነበር፤ ሩምፊዩስ ለአምቦን ሰዎች ያደረገውን ያህል ለዚያ ሰው ቃል በስሙ ውስጥ ቦታ አልተገኘለትም። ሌሎች አንዳንድ ዕፅዋቶቻችን ዕድለኞች ናቸው፤ ኮሶ በጀርመናዊው በካርል ሃገን ስም ቢጠራም፣ ጤፍ ግን በሳይንሱ ስም ውስጥ ሳይቀር ጤፍ ተብሎ ይኖራል።

አሁን ወደ ዳቦው እንለፍ። «ክሩስታ» በላቲን ለስላሳውን ነገር የሚሸፍን ደረቅ ገጽ ሁሉ ነው፤ የዳቦ ልብስ፣ የዛፍ ልጥ፣ በውኃ ላይ የረጋ በረዶ፣ በቁስል ላይ የደረቀ እከክ። የእኛም «ቅርፊት» ከነዚህ ብዙዎቹን ይይዛል፤ የዛፍ ቅርፊት፣ የቁስል ቅርፊት፣ የዳቦ ቅርፊት እንላለን። ድምፃቸውም በ«ቀ» እና በ«ከ»፣ ቀጥሎም በ«ረ» ይቀራረባል። ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው «ክሩስታ ከቅርፊት የወጣ ነው» ሊል ይችላል። እኛ ግን ከላይ ያኖርነውን ሚዛን እናንሣ፤ ቅርፊት ወንድሙን ቀረፋን ይዞ ከሴም ሥር ይቆማል፤ ክሩስታ ደግሞ ከግሪኩ የበረዶ ስም ከ«ክሪስታሎስ» ጋር ዘመድ ነው፤ ክሪስታል የምንለው ብርሌ የመሰለ ድንጋይም ከዚያ ነው። ስለዚህ የሾርባው ክሩቶን ከክሪስታል ጋር ይዛመዳል፤ ከክሮቶን ጋር ግን ምንም የለውም።

ፈረንሳዮች ከላቲኑ ክሩስታ «ክሩስት» አሉ። በኋላ በንግግር «ስ» ጠፋች፤ በጽሕፈት ግን ረጅም ዘመን ትጻፍ ነበር። የፈረንሳይ አካዳሚ መዝገበ ቃላት ሦስተኛ እትም በ1740 ዓ.ም. ሲወጣ እንዲህ ያሉትን የማይነበቡ «ስ»ዎች አስወጣና በቦታቸው በአናባቢው ራስ ላይ እንደ ቆብ ያለ ምልክት አኖረ። ምልክቱ የሟች ፊደል የመቃብር ድንጋይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እንግሊዞች ግን ቃሉን አስቀድመው ስለ ወሰዱ «ስ»ን እስከ ዛሬ ይጠራሉ፤ «ክረስት» ይላሉ። ከ«ክሩት» ላይ ማሳነሻውን «ኦን» ጨምረው ፈረንሳዮች «ክሩቶን» አደረጉት፤ ትንሽ ቅርፊት ማለት ነው። የረጅሙ ዳቦ ጫፍም ክሩቶን ይባላል፤ ዘመን ያለፈበትን ግትር ሽማግሌም በቀልድ «አሮጌ ክሩቶን» ይሉታል። እንግሊዞች ቃሉን ከነሾርባው የወሰዱት በ19ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ነው። በ1990 ዓ.ም. በፈረንሳይ የወጣው የአጻጻፍ ማሻሻያ ከ«ኡ» ራስ ላይ ያንን ቆብ ማስቀረት ፈቀደ፤ ስለዚህ በአዲሱ አጻጻፍ ክሩቶን የ«ስ»ን መታሰቢያ አጥቶ ወደ ክሮቶን አንድ እርምጃ ተጠጋ። የታሪክ ተማሪ ይህን ሲያይ ማዘኑ አይቀርም፤ ያ ቆብ ባለቤቱ ከየት ቤት እንደ መጣ የሚናገር ምስክር ነበርና።

ክሩቶን የተገኘው ከቁጠባ ነው። የትናንት ዳቦ ይደርቃል፤ መጣሉ ኃጢአት ነው፤ መብላቱም ጥርስ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ተቈራርጦ በስብ ይጠበስና ሾርባ ይጠጣል። በኋላ ይህ የድኻ ብልሃት በትልልቅ ሆቴሎች ጌጥ ሆነ። የእኛ እናቶች በራሳቸው መንገድ ያንኑ አስበዋል፤ የተረፈው እንጀራ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፣ ለመንገድ ይሰነቃል፣ በወጥ ሲርስም ፍርፍር ይሆናል። ድርቆሽና ክሩቶን አንድ ዓይነት ብልሃት ናቸው፤ በስማቸው ግን አንድ ፊደል እንኳ አይጋሩም። ክሮቶንና ክሩቶን ደግሞ ፊደል ሁሉ ተጋርተው በግብር አይገናኙም።

የአጋጣሚን ኃይል የሚያሳዩ ሌሎችም አሉ። በደቡብ ኢጣልያ ግሪኮች ከልደተ ክርስቶስ በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት የመሠረቷት ክሮቶን የምትባል ከተማ አለች፤ ፓይታጎራስ ማኅበሩን ያቋቋመባት፣ ሚሎን የተባለው ጉልበተኛ ታጋይ የተወለደባት ናት። የጥንት ሰዎች ስለ ስሟ ሲጠየቁ ሄራክሊስ ሳያስብ የገደለው ክሮቶን የሚባል ሰው እንደ ነበረና ከተማይቱ በርሱ መታሰቢያ እንደ ተሰየመች ይተርኩ ነበር። ለስም ሰው መፍጠር የእኛ አገር ተረት ብቻ አይደለም ማለት ነው። በአሜሪካም ከኒው ዮርክ በስተ ሰሜን ክሮቶን የሚባል ወንዝ አለ፤ ስሙ ከአገሬው ሕንዶች ቋንቋ የመጣ ነው ይባላል እንጂ ከግሪክ አይደለም። በ1842 ዓ.ም. የዚህ ወንዝ ውኃ በታላቅ ቦይ ወደ ኒው ዮርክ ሲገባ ሕዝቡ በቤቱ አንድ ትንሽ በረሮ መብዛቱን አስተዋለ፤ ከውኃው ጋር የመጣ መስሎት «የክሮቶን ተባይ» አለው። እንግዲህ በግሪክ ተባይ የነበረው ቃል በአሜሪካ ዳግመኛ ተባይ ሆነ! በድምፅ ብቻ የሚሄድ ሰው ይህን ቢያገኝ መጽሐፍ በጻፈበት ነበር፤ ሁለቱን ግን የሚያገናኛቸው አንዳችም ነገር የለም።

ነገር ግን ተክሉና ዳቦው አንድ ቦታ ላይ በእውነት ይገናኛሉ፤ ያም ቦታ መዝገበ ቃላት ሳይሆን የእኛ ምጣድ ነው። እንጀራ እንዳይዝ ምጣዱ በቅባት ይታሻል። ለዚህ በብዙ ቤት የሚያገለግለው የጎመን ዘር ነው፤ በአንዳንድ ስፍራ ግን የጉሎ ፍሬ ተወቅጦ ይታሽበታል። ያ ፍሬ የጥንት ግሪኮች ክሮቶን ያሉት፣ የመዥገሩ ምስል፣ ራሱ ነው። ከርሱ በላይ የሚጋገረው እንጀራ ነገ ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ ይረሳል። ይህን ያደረጉት ሴቶች ስለ ዲዮስቆሪዴስ የሰሙት ነገር የለም፤ የፍሬውን ጠባይ ግን ያውቁታል፤ ለምጣድ እንጂ ለአፍ አያቀርቡትም።

ባማርኛ ለሚዘጋጁ የሳይንስ መጻሕፍት አንድ አሳብ ማቅረብ እንወዳለን። የላቲኑ ስም መጻፍ ባለበት ቦታ ሁሉ «ክሮቶን» ተብሎ በሳብዕ ይጻፍ፤ ስለ ወገኑ በጠቅላላው ባማርኛ ሲነገር ግን «የብሳና ወገን» ይባል፤ አንባቢው ከሚያውቀው ዛፍ ይነሣልና። የጥንቱን የግሪክ መጽሐፍ የሚተረጕም ሰው «ክሮቶን»ን ያለ ማመንታት «ጉሎ» ብሎ ይተርጕመው። የሾርባውን ነገር «የዳቦ ጥብስ» ብንለው ማንም አይቸገርም። አስቸጋሪ ሆኖ የሚቀረው የግቢው ጌጥ፣ ኮዲየም ነው፤ እርሱን «ክሮቶን» ማለት ከሊቃውንቱ ያጣላል፣ «ኮዲየም» ማለት ከአትክልተኛው ያጣላል፤ ብሳና ማለት ደግሞ ሐሰት ነው። ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ስለ ሆነ «ቅጠለ ኅብር» ብንለው ከተክሉ መልክ ጋር ይስማማል ብለን እናስባለን፤ የተሻለ ያገኘ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።